የጀርመንኛ የሳይንስ መጽሔት ለማንበብ ስትነሡ በእንግሊዝኛ በኩል አትዙሩ

ጀርመን አገር ለትምህርት ለሚመጣ ሰው የሳይንስ መጽሔት ማንበብ ቅንጦት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚጠየቁት የቋንቋ ፈተናዎች፣ ዴኤስሃም ሆነ ቴስትዳፍ፣ የሚያቀርቧቸው የንባብ ጽሑፎች ከመማሪያ መጽሐፉ የገበያና የሐኪም ቤት ንግግር ይልቅ ለእንዲህ ዓይነቱ መጽሔት ይቀርባሉ። እኔ ቢ1ን (ከስድስቱ የቋንቋ ደረጃዎች ሦስተኛውን) ጨርሼ የመጀመሪያውን እትም ስከፍት አንዱ አንቀጽ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ጨርሼውም ምን እንደሚል ለሰው መንገር አልቻልኩም። ከዚያ ተነሥቼ አንድ ሙሉ ጽሑፍ ያለ መዝገበ ቃላት አንብቤ እስክረዳ ሁለት ዓመት ገደማ ሄደ። ከሁለቱ አንዱ ዓመት የባከነው አጀማመሬ ስለተበላሸ ነው። የእናንተ እንዳይባክን ይህን እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት የመጽሔቱ ምርጫ ነው። መደርደሪያው ላይ ሁሉም "ሳይንስ" ይላል፤ ደረጃቸው ግን በጣም ይራራቃል። እኔ ያነሣሁት ሽፔክትሩም ዴር ቪሰንሻፍትን ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሳይንቲፊክ አሜሪካን የጀርመንኛ እትም ሆኖ የተጀመረ፣ በሃይደልበርግ የሚዘጋጅ ወርኃዊ መጽሔት ነው። ከአሜሪካው የተተረጎሙም እዚያው የተጻፉም ጽሑፎች አሉት፤ ብዙዎቹን ዋና ጽሑፎች የሚጽፉት ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ናቸው። ክብሩም ክብደቱም ከዚህ ይመጣል። ተመራማሪ ሲጽፍ "ይህንንስ ያውቁታል" ብሎ የሚያልፈው ይበዛል፣ ዓረፍተ ነገሩም ይረዝማል። ቢ2ን ሳያጋምሱ እሱን መጀመር በእንጭጩ ተስፋ ያስቆርጣል።

ቢልድ ዴር ቪሰንሻፍት ይቀላል። በ1964 የመሠረተው በቴሌቪዥን ጭምር ሳይንስን ለሕዝብ ያስተምር የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንትስ ሃበር ነው፤ ጽሑፎቹ በአብዛኛው ከሳይንስ ጋዜጠኞች ብዕር ስለሚወጡ ዓረፍተ ነገሩ ይተነፍሳል። ጌኦ፣ በ1976 የተጀመረው፣ ፎቶና ትረካ ይበዛበታል፤ ትረካ ደግሞ ያለፈ ጊዜ ግሦችን ያስጠናል። በቢ1 ደረጃ ላይ ላላችሁ ግን ምክሬ ጌኦሊኖ ነው። የልጆች መጽሔት ነው ብላችሁ አትፈሩ። የጀርመን ልጅ በአሥር ዓመቱ የሚያውቃቸው ቃላት፣ እሳተ ገሞራ፣ ጥገኛ ተሕዋስያን፣ ምሕዋር፣ የስበት ኃይል፣ በቋንቋ ትምህርት ቤት አይሰጡም፤ ከባዱ መጽሔት ደግሞ እነሱን ታውቃላችሁ ብሎ ነው የሚነሣው። ሁለት ወር ጌኦሊኖ፣ አራት ወር ቢልድ ዴር ቪሰንሻፍት ወይም ጌኦ፣ ከዚያ በኋላ ሽፔክትሩም። ይህን ቅደም ተከተል ብከተል ኖሮ እድን ነበር።

ሁለተኛው ስህተት የባሰው ነው። መዝገበ ቃላቴ ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ ነበር። በእያንዳንዱ ቃል አናት ላይ እንግሊዝኛውን በእርሳስ እጽፍና የእንግሊዝኛውን ሰንሰለት ለማንበብ እሞክራለሁ። አይገጥምም። ቃሉን ሁሉ አውቄ ዓረፍተ ነገሩ የማይገባኝ ለምን እንደሆነ ወራት ሙሉ አልተገለጠልኝም።

የተገለጠልኝ ስለ ሰላም ሳነብ ነው። ሰላም በዲኪካ የተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ቅሪተ አካል ናት። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ግኝቱን በ2006 ይፋ ሲያደርግ ይሠራ የነበረው ላይፕትሲሽ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የዝግመተ ለውጥ አንትሮፖሎጂ ተቋም ስለነበር፣ የጀርመን የሳይንስ መጽሔቶች ስለ እሷ ጽፈዋል። ጉዳዩን ቀድሜ ስለማውቀው መዝገበ ቃላቱን ዘግቼ ሐረጉን አየሁት። ጀርመንኛ እንዲህ ይላል፦ "ዲ ኢም ያር 2000 ኢን ዲኪካ ኤንትዴክተን ክኖኸን"። ቃል በቃል በአማርኛ፦ "በ2000 ዓመት በዲኪካ የተገኙት አጥንቶች"። ቅደም ተከተሉ አንድ ነው! ገላጩ ሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ "የተገኙት" ከስሙ አጠገብ ይቀመጣል፣ ስሙ በመጨረሻ ይዘጋዋል። እንግሊዝኛ ይህን ሐረግ ለማለት ገልብጦ "አጥንቶች" ብሎ መጀመር አለበት። እኔ በገዛ ቋንቋዬ የተቀመጠልኝን መንገድ ትቼ ሁለት ጊዜ ስገለብጥ ነበር።

የጀርመን የሳይንስ ጽሑፍ እንዲህ ባሉ ሐረጎች የተሞላ ነው፤ ብዙ የውጭ አገር ተማሪ የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው። ምልክቱን ያዙ፦ ዴር፣ ዲ ወይም ዳስ (ከስም በፊት የሚመጡት ጾታ አመልካቾች) ካለ በኋላ ስም ሳይሆን ኢም፣ ኢን፣ ፎን፣ ዱርሽ የመሰለ መስተዋድድ ከተከተለ ረጅም ገላጭ እየመጣ ነው። ሐረጉን የሚዘጋውን ስም ፈልጉ። በጀርመንኛ ስም ሁሉ በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር ዐይን ቶሎ ያገኘዋል፤ መሐል ላይ ያሉትን ትልልቅ ፊደሎች (እዚህ ላይ ያር እና ዲኪካ) ግን አትመኑ፣ እነሱ የመስተዋድዶቹ ናቸው። ከስሙ በፊት የመጨረሻው ቃል አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ "የተ..." ወይም "የሚ..." የምንለው ነው። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ አማርኛ አንብቡት።

ጥገኛ ዓረፍተ ነገሩም እንዲሁ ነው። ከቫይል ("ስለ...") ወይም ዓረፍተ ነገር ከሚያያይዘው ዳስ ("እንደ..."፤ ከጾታ አመልካቹ ዳስ ሌላ ነው) በኋላ ግሡ መጨረሻ ላይ ይወድቃል፤ እኛም "የአየር ንብረቱ ስለሚለወጥ" ስንል ግሡን እስከ መጨረሻው ጠብቀን ነው። እንግሊዛዊ ተማሪ የሚጨነቅበት ይህ ጥበቃ ለእኛ የእናት ቋንቋ ልማድ ነው። በዋናው ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ግሡ ሁለተኛ ቦታ ይቆማል፣ እዚያ አማርኛ አይረዳም። ትርጉማችሁን በአማርኛ ጻፉ፤ እንግሊዝኛውን በመጨረሻ፣ ለማመሳከር ብቻ።

ረጃጅሞቹን ቃላት በተመለከተ የመጀመሪያው ነገር መዝገበ ቃላት ውስጥ አለመፈለግ ነው፤ ግማሾቹ የሉም። እርሳስ ይዛችሁ ቁረጧቸው። ኤርትቤበንፎርሄርዛገ ማለት ኤርት (ምድር)፣ ቤበን (መንቀጥቀጥ)፣ ፎርሄርዛገ (ትንበያ) ነው፤ "የምድር መንቀጥቀጥ ትንበያ"። ይህም በአማርኛ ቅደም ተከተል ነው። ዋናው ቃል ምንጊዜም የመጨረሻው ነው፣ ጾታውንም የሚወስነው እሱ ነው፦ ቤበን ብቻውን ዳስ ነው፣ ፎርሄርዛገ ግን ዲ ስለሆነ ሙሉው ቃል ዲ ይሆናል። የት እንደምትቆርጡ ካልታወቃችሁ ኡንግስ፣ ሃይትስ፣ ካይትስ፣ ሻፍትስ፣ ቴትስ የሚሉትን ድምፆች ፈልጉ። በቃሉ መሐል እነዚህ ከመጡ መቁረጫው ከ"ስ" በኋላ ነው፤ "ስ" ማጣበቂያ እንጂ ትርጉም የላትም። ፎርሹንግስግሩፐን ፎርሹንግስ ብላችሁ ስትቆርጡ ምርምርና ቡድን ይቀርላችኋል።

የተሳሳተ አቆራረጥ ትርጉሙን ያበላሻል። ስለ ዓባይ ግድብ በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ ሽታውቤከን የሚል ቃል ሊገጥማችሁ ይችላል። ትክክለኛው አቆራረጥ ሽታው እና ቤከን ነው፤ ውሃ የሚታገድበት ገንዳ፣ ማለትም ግድቡ የሚያጠራቅመው ውሃ ያለበት ስፍራ። አንዲት ፊደል አዝልቃችሁ ብትቆርጡት ግን "አቧራ" እና "ጥጎች" ይሆናል። ሁለቱም ትክክለኛ የጀርመንኛ ቃላት ናቸው፤ የሚለያቸው ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ ማወቃችሁ ብቻ ነው።

የኬሚስትሪ ስሞችን ደግሞ ውደዷቸው። ዛወርሽቶፍ "ኮምጣጣ ቁስ" ነው፣ ኦክስጅን። ቫሰርሽቶፍ "የውሃ ቁስ"፣ ሃይድሮጅን። ኮለንሽቶፍ "የከሰል ቁስ"፣ ካርቦን። ሽቲክሽቶፍ ከማፈን ግሥ የመጣ ነው፣ ናይትሮጅን፤ እሳትንም እንስሳንም ስለሚያፍን። ሃልፕቬርትስጻይት "ግማሽ፣ ዋጋ፣ ጊዜ" ነው፤ አንድ ራዲዮአክቲቭ ቁስ ግማሹ እስኪፈርስ የሚወስደው ጊዜ። ስምጥ ሸለቋችን ግራበንብሩኽ ይባላል፤ ግራበን ቦይ፣ ብሩኽ ስብራት። ስሙ ራሱ ምድሪቱ ምን እንደሆነች ይነግራችኋል። ሽቶፍን አንድ ጊዜ ያወቀ ሰው አምስት ስድስት ቃል በአንድ ቀን ያገኛል።

የሚለያዩት ግሦች አደገኛ ናቸው። ጹኔህመን መጨመር፣ አፕኔህመን መቀነስ ነው፤ በዋናው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ሁለቱም "ኒምት" ብለው ይጀምራሉ፣ ጹ ወይም አፕ የምትለው ቁራጭ መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች። መሐሉ ሁለት መስመር ሊሞላ ይችላል። ቁራጩን ሳይጠብቅ የቸኮለ ሰው "ሙቀቱ ይጨምራል" ብሎ ያነበበው "ይቀንሳል" ሊሆን ይችላል። ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥል ይህ ነው። ኒምት፣ ሽቴልት ወይም ቫይስት ስታዩ በእርሳስ ክበቡትና እስከ ነጥቡ ሄዳችሁ ቁራጩን ፈልጉ፤ ካገኛችሁት ከግሡ ጋር በመስመር አገናኙት።

ቁጥር ላይ የሠራሁት ስህተት ለረጅም ጊዜ ሳይታወቀኝ የኖረ ነው። በጀርመንኛ የአሥርዮሽ ምልክቱ ነጠላ ሰረዝ ነው፣ ሺን የሚለየው ነጥብ ነው፤ ከኛ ልማድ ተቃራኒ። "3,3" ሦስት ነጥብ ሦስት ሲሆን "1.500" አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው። ከዚህ የሚብሰው የቢሊዮን ነገር ነው። የኛ ቢሊዮን ለጀርመኖች ሚልያርደ ነው። እነሱ ቢልዮን ሲሉ የኛን ትሪሊዮን፣ ማለትም 1 ከ12 ዜሮ ጋር ማለታቸው ነው፤ ትሪልዮን ሲሉ 1 ከ18 ዜሮ ጋር። አንድ የብርሃን ዓመት 9,46 ቢልዮነን ኪሎ ሜትር ነው ተብሎ ይጻፋል። ይህን "9.46 ቢሊዮን" ብሎ ወደ አማርኛ የገለበጠ ሰው ቁጥሩን በአንድ ሺህ እጥፍ አሳንሶታል። ከፀሐይ እስከ ኔፕቱን ያለው ርቀት ራሱ 4.5 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የብርሃን ዓመት የዚያ ሁለት እጥፍ ብቻ ሊሆን አይችልም። ትልቅ ቁጥር ስትተረጉሙ እንዲህ ከምታውቁት ነገር ጋር አመዛዝኑት። በአማርኛ ለሚጽፉ፣ ለሚያስተምሩና ለሚተረጉሙ ወገኖች ይህን ደግሜ እናገራለሁ፦ ሚልያርደ ቢሊዮን ነው፣ ቢልዮን ትሪሊዮን ነው።

አሁን እኔ ከሁሉ የሚበልጥ የምለው ላይ ደረስን። የሳይንስ መጽሔት "እንዲህ ነው" ብሎ የሚናገረውና "እገሌ እንዲህ ነው ይላል" ብሎ የሚያስተላልፈው ይለያያሉ፤ ጀርመንኛ ልዩነቱን በግሡ ቅርጽ ላይ ያስቀምጠዋል። ኢስት ካለ መጽሔቱ ራሱ "ነው" እያለ ነው። ዛይ ካለ "ነው ይላሉ" ማለት ነው፣ መጽሔቱ ቃሉን ለባለቤቱ ትቶታል። ሃት እና ሃበ፣ ካን እና ኬነ፣ ቪርት እና ቬርደ እንዲሁ ጥንድ ናቸው፤ በየጥንዱ ሁለተኛው የሌላ ሰው ቃል ነው። አስቸጋሪው ነገር "እገሌ ተናገረ" የሚለው አንድ ጊዜ ብቻ አንቀጹ መጀመሪያ ላይ ይባልና ከዚያ በኋላ አምስት ዓረፍተ ነገር ሙሉ ዛይ፣ ሃበ፣ ኬነ እያለ መቀጠሉ ነው። አማርኛ እንዲህ ያለ የግሥ ቅርጽ ስለሌለው እየደጋገምን "ይላሉ"፣ "እንደ እነርሱ አባባል" እንላለን። ስትተረጉሙ ያን "ይላሉ" ከጣላችሁት የአንድ ቡድን ግምት የተረጋገጠ እውነት ሆኖ ወደ አማርኛ ይገባል። የጤና ዜና በዚህ መንገድ ተበላሽቶ ሲሠራጭ አይቻለሁ።

ሌሎቹም የእርግጠኝነት መለኪያዎች ናቸው። ዞል "ነው ይባላል" ነው። ዲርፍተ "ሳይሆን አይቀርም"፤ ኬንተ "ሊሆን ይችላል"፣ ከዲርፍተ የደከመ። ቤቫይስት "ያረጋግጣል" ሲሆን "ዳራውፍ ሂን" የሚል ጭራ ያለው ቫይስት "ይጠቁማል" ብቻ ነው። ኤቬንቱኤል ደግሞ የእንግሊዝኛውን ዘመዱን ይመስላል፣ "በመጨረሻ" ማለት ግን አይደለም፤ "ምናልባት" ነው። እነዚህን በአንድ ካርድ ላይ ጽፋችሁ የመጽሔቱ ሽፋን ውስጥ አኑሩት።

የሠራልኝ አነባበብ ይኸውላችሁ። በሳምንት አንድ ጽሑፍ፣ አራት ወይም ስድስት ገጽ፣ ከዚያ አይበልጥም። በመጀመሪያው ቀን ርዕሱን፣ የሥዕሎቹን መግለጫና ፍሬ ነገሩን አሳጥሮ የያዘውን ሣጥን ብቻ አነባለሁ፤ ሽፔክትሩም ላይ "አውፍ አይነን ብሊክ" የሚል ስም አለው። ከዚያ ጽሑፉ ምን ሊል እንደሆነ በአማርኛ ሦስት መስመር እገምታለሁ። በሁለተኛው ቀን ያለ መዝገበ ቃላት እስከ መጨረሻው። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተመላለሰ ቃል ብቻ ይሰመርበታል፤ ከአሥር ቃል በላይ ካሰመራችሁ ጽሑፉ ለጊዜው ከብዷችኋልና ቀይሩት። በሦስተኛው ቀን አሥሩ ቃላት ከዴር፣ ዲ ወይም ዳስ ጋርና ከብዙ ቁጥራቸው ጋር ካርድ ላይ ይጻፋሉ። በአራተኛው ቀን አንድ አንቀጽ ብቻ፣ ከባዱን መርጣችሁ፣ ወደ አማርኛ ተርጉሙ። ይህን ማንም አይዝለል፤ ዛይ የቱ ጋ እንደነበረች የሚታወቀው ስትጽፉ ነው። ርዕስ ስትመርጡ የምታውቁትን አስቀድሙ፦ የድንቅነሽ ዘመዶች፣ የአፋር ምድር መሰንጠቅ፣ ቡና፣ ጤፍ፣ የወባ ትንኝ፣ ወይም የተማራችሁበት ሙያ። ቪሰንሻፍት የሚለው ቃል ታሪክንና የቋንቋ ጥናትንም ስለሚያቅፍ የተፈጥሮ ሳይንስ ላልተማረም ቦታ አለው።

ደንበኛ ስለመሆን፣ እነሱ አቦ ስለሚሉት፣ ልንገራችሁ። በርካሽ የሚሰጠው ፕሮበአቦ፣ ማለትም የሙከራ ውል፣ በጊዜው ካልተሰረዘ ወደ ሙሉ ውል ይዞራል። እኔ ከባንክ የሚቆረጠውን ገንዘብ ሳስመልስ ውሉ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም፤ መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ የዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ደብዳቤ መጣ፣ ዕዳውም ከመጽሔቱ ዋጋ በላይ ሆነ። ገንዘብ ማስቆምና ውል መሰረዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሙከራ ውል የገባችሁ ዕለት የመሰረዣውን ደብዳቤ ላኩ፤ እትሞቹ ይመጡላችኋል። ደብዳቤው የደንበኛ ቁጥራችሁን፣ "በውሉ መሠረት፣ ያ ካልተቻለ በሚቀርበው ጊዜ እንዲቋረጥ" የሚል ቃልና የማረጋገጫ ጥያቄ ይያዝ። ኢሜይል ይበቃል፤ ማረጋገጫውን አስቀምጡት።

ሕጉ አሁን ይረዳችኋል። ከማርች 1 ቀን 2022 ወዲህ የተገባ ውል የመጀመሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ በአንድ ወር ማስታወቂያ ይሰረዛል፤ እንደ ድሮው ለሌላ ዓመት አያስርም። ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በኢንተርኔት ውል የሚሸጥ ድርጅት የመሰረዣ ቁልፍም በግልጽ ማስቀመጥ አለበት። በኢንተርኔት ወይም በስልክ የገባችሁትን አቦ የመጀመሪያው እትም ከደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳትሰጡ መተው ትችላላችሁ። ተማሪ ከሆናችሁ የምዝገባ ወረቀታችሁን አያይዛችሁ የተማሪ ዋጋ ጠይቁ።

ስም ላይም ተጠንቀቁ። የእኛ አባት ስም እዚያ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል፤ ውሉ በአንድ ስም፣ የፖስታ ሣጥኑ በሌላ ስም ከሆነ መጽሔቱ አይደርስም። ሣጥኑ ላይ የተለጠፈውንና ውሉ ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል አንድ አድርጉ፤ ቤት ስትቀይሩም ለአሳታሚው ራሳችሁ አሳውቁ።

እንዲያውም ለመጀመሪያው ዓመት ምንም አትግዙ። የከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ ሽታትቢብሊዮቴክ፣ አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን መጽሔቶች ይይዛል፤ አዲሱን እትም እዚያው ታነባላችሁ፣ የቆዩትን ብዙ ጊዜ ቤት ወስዳችሁ መመለስ ይቻላል። በአባልነት ካርዱ ኦንላይሄ በሚባለው አገልግሎት በስልክም መጽሔት የሚያውሱ ብዙ ናቸው። ለማንበብ ግን ወረቀቱ ይሻላል፤ ቃል መቁረጥና ግሥ መክበብ በእርሳስ ነውና የምትጽፉበትን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጉ። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለውን የጎተ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ በስልክ ማንበብ ለሚበቃችሁ ሽፔክትሩም የፊዚክስና የባዮሎጂ መዝገበ ዕውቀቶቹን በኢንተርኔት በነፃ አስቀምጧል። አንድ ቃል በግማሽ ገጽ ስለሚያብራራ ለቢ1 ተማሪ ከሙሉ ጽሑፍ ይልቅ ልክ የሆነ መጠን ነው፤ ሃልፕቬርትስጻይትን ፈልጋችሁ በእሱ ጀምሩ።